በዜድ የሚጀምረው ሸክላ

በርሚንግሃም፣ ማርች 6 ቀን 1987

ለክብርት ዋርሳዬ፣ ለፍየሏ ለሎምቤ፤

ይህ ወረቀት በጤናና በሙሉ ጥርስ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ጥርሶችሽ ከረገፉም ግድ የለም፤ ፍየል በድዷም ታመነዥካለች። ሰላምታዬ ከቤትሽ ቆርቆሮ እስከ ጓሮሽ ፓፓያ ድረስ ይዳረስ። እኔ ደህና ነኝ። ዛሬም አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ዛሬም ይበርደኛል።

ስምንት ዓመት ሳልጽፍልሽ ጠፍቼ በስድብ ስለመጣሁ አትቀየሚኝ። እኔ የነብር ጎሳ ነኝ፣ አንቺ የፍየል፤ የነብር ወገን ለፍየል ወገን ያሻውን ቢናገር፣ ፍየልም ለነብር ያሻትን ብትመልስ ቅያሜ እንደሌለ አያቶቻችን ደንግገውልናል። እዚህ አገር ግን ለስድብ የሚሆን ዘመድ የለም። ባለፈው አንዱን ባልደረባዬን "አንተ ቅርናታም ፍየል" ብዬ በፍቅር ብጠራው አለቃ ዘንድ ከሰሰኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሥራ ስወጣ የምገባበት መጠጥ ቤት ሐሙስ ሐሙስ የዘፈን ውድድር ጀምሯል። አወዳዳሪው ፒልቢም የሚባል ጡረተኛ ነው። በየሳምንቱ አንድ ፊደል ይጠራል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ በተራው በዚያ ፊደል የሚጀምር የእንግሊዝኛ የፖፕ ወይም የሮክ ዘፈን ርዕስ ይናገራል፤ ከ1970 በፊት የወጣ መሆን አለበት፤ የተባለ አይደገምም። እስከ መጨረሻው የዘለቀ ጠረጴዛ ነጥብ ያገኛል። ከኤ ተነሥተን ትናንት ኤፍ ላይ ደረስን። እኔና ትኬት ቆራጬ ዴዝሞንድ ሁለተኛ ነን። አንደኛው የፖስተኞች ጠረጴዛ ነው። ሽልማቱ እዚያ ጥግ የቆመው፣ ሳንቲም ሲከቱበት ሸክላ የሚያጫውተው ትልቁ ሣጥን ነው። ሎምቤ፣ ይህን ሣጥን ካላገኘሁ እሞታለሁ።

ቀላሎቹ ፊደላት አያስፈሩኝም። ኤል ሲመጣ "ፍቅር" የሚለው ቃላቸው ብቻ እስከ መዝጊያ ሰዓት ያደርሰናል። የሚያስፈሩኝ ኪው፣ ቪ፣ ኤክስና ዜድ ናቸው። ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ፣ ባልሽ ንጎሳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሸክላዎቹን በዘፋኝ ሳይሆን በርዕሳቸው የመጀመሪያ ፊደል እንደሚደረድር ትዝ አለኝ። በማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ጭፈራው ሲጦፍ "ሎምቤ፣ ኤስ አምጪ! ሎምቤ፣ ኤም አምጪ!" እያለ ሲጮህ፣ አንቺ እየሮጥሽ ታቀብዪው ነበር። ከእነዚያ ከአራቱ ፊደላት የምታስታውሺው ካለ ጻፊልኝ።

ሸክላዎቹማ ንጎሳ ሲሞት ከጠፉ አሥራ አራት ዓመት ሆናቸው። ማን እንደሸጣቸው እናቴን ጠይቂያት። "የሟች ዘፈን ሸጦ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠው ልጄ" እያለች ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ስለነበር ሌላ የሚጠረጠር አልተገኘም። ይሁን፣ አልፏል።

ጥርሱ ያላለቀው ነብር፣
ካባሶ


ሉዋንሻ፣ ማርች 27 ቀን 1987
(ጽፌ ያልላክሁት)

ወንድሜ ካባሶ፤

ሸክላዎቹ እኔ ጋ ናቸው። አንድ መቶ አርባ ሦስቱም። አልጋዬ ሥር በበቆሎ ዱቄት ከረጢት ውስጥ ናቸው። ንጎሳን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ዘመዶቻችሁ የጭነት መኪና ይዘው ሲመጡ እኔ ደበቅኋቸው። አንተን ሌባ ሲሉህ በረንዳው ላይ ለውዝ እየፈለፈልሁ ነበር። ሰማሁ፤ ዝም አልሁ፤ መፈልፈሌንም አላቋረጥሁም።

ይህን ጽፌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ፊደሉ ቀጥ ብሏል፣ ስሕተት የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ፖስታ ቤት ይዤ የምሄድበት ጉልበት የለኝም። አጥፌ በዜድ የሚጀምረው ሸክላ ሽፋን ውስጥ እከተዋለሁ።

ሎምቤ


ሉዋንሻ፣ ማርች 27 ቀን 1987

ለአውቶቡሱ ነብር ለካባሶ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሲከፍቱት የእርጥብ ነብር ሽታ ስለነበረው ማን እንደጻፈው ወዲያው አወቅሁ። ጤናህ ይብዛ፣ ብርዱ ይራቅልህ፣ ጭራህ በአውቶቡስ በር አይያዝ። እኔ ደህና ነኝ። የበቆሎ ዱቄት ሰልፍ ረዝሟል፤ እግሬም አብሮ ረዝሟል።

የጠየቅኸኝን የማስታውሰውን ያህል እጽፋለሁ። በኪው "በልብስ ማጠቢያው የተነሣ ጠብ" የሚባል አለ። ሽፋኑ ላይ ሦስት ሴቶች ባልዲ ይዘው ቆመዋል፣ መካከለኛዋ ጫማ የላትም። በጀርባው ያለው ዘፈን በቲ ስለሚጀምር እሱን እንዳትል። የሸክላው መለያ ቁጥር 4471 ነው። በቪ "ቫኒላ እሑድ" አለ፤ የ1967። በኤክስ "ዛይሎፎን የምትመታው ሜሪ"፤ ኤክስ ላይ ከዚህ ሌላ አልነበረንም። በዜድ "የሜዳ አህያ ጃንጥላ"፤ የዘፈኑት አራት ጠጉራቸውን ያሳደጉ ልጆች ናቸው፣ ሁሉም የተናደዱ ይመስላሉ።

ሌላ ነገር ብትፈልግ ጻፍልኝ።

ፍየሏ ሎምቤ


በርሚንግሃም፣ ሜይ 22 ቀን 1987

ለባለ ትልቅ ጭንቅላቷ ፍየል፤

ሰላምታዬ እንደ ትናንት ሌሊቱ ጩኸታችን ሰፈር ይቀስቅስ!

ትናንት ኪው ነበር። አንድ ዙር እንደ ሄድን ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ አለ። ፖስተኞቹ ሁለት ተናግረው ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ። እኔ ቢራዬን ቀስ ብዬ አስቀምጬ "በልብስ ማጠቢያው የተነሣ ጠብ" አልሁ።

"እንዲህ የሚባል ዘፈን የለም!" አለ የፖስተኞቹ አለቃ፣ ጺሙ እየተንቀጠቀጠ።

"አለ እንጂ። 4471። ሽፋኑ ላይ ሦስት ሴቶች አሉ፣ መካከለኛዋ ጫማ የላትም።"

ፒልቢም የበር ማቆሚያ የሚያህለውን የሸክላ መዝገቡን ገለጠ። ምራቁን እየነካ ገለጠ፣ ገለጠ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ "ጫማውን መዝገቡ አይልም፤ ዘፈኑ ግን አለ" አለ። ዴዝሞንድ ወንበር ላይ ወጣ። ወንበሩ አልቻለውም፤ ይህን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ቆይ ግን ሎምቤ። ቁጥሩን እንዴት አወቅሽ? እኔ የራሴ የቤት ቁጥር አንዳንዴ ይጠፋብኛል። አሥራ አራት ዓመት ያላየሽውን ሸክላ ቁጥር! ዴዝሞንድ "ይህቺ ሴትዮ ሐኪም ቤት ተኝታ መጠናት አለባት" ይላል።

ለዚህ ውለታሽ የማንበቢያ መነጽር ልኬልሻለሁ። ወደ ጎረቤት ከተማችሁ ወደ ንዶላ የምትመለስ ነርስ ታደርስልሻለች። ፊደል ከሸክላ ላይ ለቅመሽ የተማርሽ ሰው ዓይንሽ ሲደክም ፊደል አይለይሽ ብዬ ነው። በደህና ተጠቀሚበት፤ እንዳትበዪው።

ካባሶ


ሉዋንሻ፣ ጁን 13 ቀን 1987

ለቸሩ ነብር፤

መነጽሩ ደረሰ። እግዚአብሔር ዓይንህን ከመንገድ ላይ አያንሣብህ። መጀመሪያ ስሰካው ቤቴን አየሁትና አወለቅሁት፤ ይህን ሁሉ ሸረሪት ይዤ ስኖር አላወቅሁም ነበር። ካጸዳሁ በኋላ መልሼ ሰካሁት። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ የዱቄት ከረጢት። ሌላም ሌላም።

እንዴት እንደ ተማርሁ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ንጎሳ "ኤም አምጪ" ሲለኝ ሁለት ጫፍ ያለው ኮረብታ እፈልጋለሁ። "ኤስ" ሲለኝ እባቧን። "ኤክስ" ሲለኝ የማዕድኑ ባቡር ሐዲድ የሚጠላለፍበትን። ኦ እና ኪው ግን ለእኔ ሁለቱም ድስት ነበሩ፤ አንዱ ጭራ እንዳለው እስክገነዘብ ድረስ አዳራሹ ብዙ ጊዜ ያልጠበቀውን ዘፈን ጨፍሯል። ንጎሳ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። "ዛሬ ሎምቤ ናት የመረጠችው" ብሎ ያጫውተዋል። ከመጀመሪያው ፊደል ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ቃሉ እንዲህ አድርጌ ደረስሁ።

ስለ ቁጥሩ፦ ብዙ ነገር በቃሌ እይዛለሁ።

እናትህ እማማ ንካንዱ ለፋሲካ ከሙፉሊራ መጥታ ነበር። ጉልበቷ እንጂ ድምጿ አልደከመም። ዱቄት ስንሰለፍ ከፊታችንም ከኋላችንም ላሉት ሁሉ ያንን የሸክላ ነገር ነገረቻቸው። "የሟች ዘፈን ሸጦ" ስትል አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችልኝ፤ ባል የሞተብኝ እኔ መሆኔን ሰምታ ነው። እኔ ዝም አልሁ።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀ።

ሎምቤ


በርሚንግሃም፣ ጁላይ 24 ቀን 1987

ሎምቤ፤

ሰላምታውን ከዚህ በፊት ከላክሁት ላይ ቆርሰሽ ውሰጂ፤ ዛሬ አንጀቴ አርሯል።

ቪ አለፈ፣ ኤክስ በሜሪ ምክንያት አለፈ። ትናንት ዜድ ላይ ከፖስተኞቹ ጋር ነጥባችን እኩል ሆኖ ተቀመጥን። ርዕስ ሁሉ አልቆ ተራው ወደ እኔ መጣ። "የሜዳ አህያ ጃንጥላ" አልሁ። ፒልቢም መዝገቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠው። የለም።

"ፈጠረው!" አለ የፖስተኞቹ አለቃ። "የአውቶቡስ ሾፌር ፌርማታ ይፈጥራል፣ ይህ ደግሞ ዘፈን ፈጠረ!"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዴዝሞንድ እንኳ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ "እውነት አለ ግን?" አለኝ። ዴዝሞንድ!

ፒልቢም ፍርድ ሰጠ፦ እስከ ሴፕቴምበር 24 ሸክላውን አምጥቼ ካሳየሁ አሸናፊ ነኝ፤ ካላመጣሁ ሣጥኑ የፖስተኞቹ ነው። ሎምቤ፣ ነገሩ የሣጥን መሆኑ ቀርቷል። ከአገሬ ሌባ ተብዬ ወጣሁ፤ እዚህ ደግሞ ውሸታም ልባል ነው። አንድ ሰው ሁለት አገር ላይ ስሙ ሲጠፋ የት ሄዶ ይኖራል?

እባክሽ ሉዋንሻን ፈትሺልኝ። ንጎሳ የሚገዛበት ሱቅ አሁንም ካለ ጠይቂ፤ የጭፈራ ጓደኞቹን ጠይቂ። ከዚያ ሁሉ ሸክላ አንድ፣ ያ አንዱ ብቻ ተርፎ ቢሆን።

ካባሶ


ሉዋንሻ፣ ኦገስት 9 ቀን 1987

ለወንድሜ ለካባሶ ሰላም ይሁን፤

በስድብ ስላልጀመርሁ አትደንግጥ፤ ዛሬ ስድቡ የሚገባው ለእኔ ነው።

ሱቁን አልጠየቅሁም። የጭፈራ ጓደኞቹንም አልጠየቅሁም። ሸክላው እኔ ጋ ነው፤ ሁሉም እኔ ጋ ናቸው። ዘመዶቻችሁ መጥተው አልጋውን፣ የሸክላ ማጫወቻውን፣ ኮቶቹን፣ ወንበሮቹን በሙሉ፣ ካውያውን ሲጭኑ አላለቀስሁም። የሟች ዕቃ የእናቱ ወገን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ከወገኔ ሲሞት ስንጭን አይቻለሁ። ሸክላዎቹን ግን አስቀድሜ፣ አንተ ተኝተህ ሳለ ቁልፉን ከኮትህ ኪስ ወስጄና መልሼ፣ ከአዳራሹ አምጥቼ ከረጢት ውስጥ ከትቻቸው ነበር። ከላይ ለውዝ ደፋሁበትና ለሐዘንተኛ ምግብ ከመጡት ከረጢቶች ጋር በረንዳው ላይ በግልጽ አቆምሁት። ማንም አልነካውም። ከዚያ "ሸክላዎቹስ?" ሲባል ሁሉም ቁልፍ የያዘውን ተመለከተ። አንተን።

ለምን እንዳደረግሁት ብትጠይቀኝ፣ ለዘፈኑ አይደለም። ማጫወቻውን ስለወሰዱት ከዚያ ወዲህ አንዱንም አልሰማሁም፤ የብዙዎቹ ዜማ ጠፍቶብኛል። ለእኔ መጻሕፍቴ ናቸው። በዓለም ላይ ማንበብ የምችለው እነሱን ብቻ ነበር፤ ከሄዱ መልሼ የማልችል መስሎኝ ነበር።

ዜዱ ለሁለት ተሰብሯል። በችኮላ ከረጢት ውስጥ ስከተው ሰብሬው መሆን አለበት። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ግን ይነበባል። "ላኪው" ካልኸኝ እልከዋለሁ። የቀሩትም ያንተ ናቸው። ይቅር በለኝ ብዬ ለመጻፍ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለመመለስ የፈለግኸውን ያህል ቆይ።

ሎምቤ


በርሚንግሃም፣ ኦገስት 25 ቀን 1987

ፍየሌ ገደልሽኝ!

ሰላምታ የምጽፍበት ትንፋሽ የለኝም። ደብዳቤሽን ለዴዝሞንድ እየተረጎምሁ አነበብሁለት፤ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። "ከላይ ለውዝ ደፋሁበት"! ፍየል የነብርን ቤት ዘርፋ ለውዝ ስትደፋበት! አያቶቻችን ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። ያ "ዛሬ ስድቡ የሚገባው ለእኔ ነው" ያልሽው ደግሞ! እንደ ቄስ ኮስተር ብለሽ ጀምረሽ፣ ይቅርታ ጠይቀሽ፣ ጨረስሽኝ። ተስፋ ቆርጬ እንደ ነበር ገብቶሽ ልታስቂኝ ብለሽ ነው፤ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ሦስት ቀን ሳቅሁ። ከናይሮቢ እስከ ኬፕታውን እንዳንቺ ያለ ተሳዳቢ የለም።

አሁን ግን በሞቴ፣ ቁም ነገሩን ጻፊልኝ። ሸክላው ተገኘ ወይስ አልተገኘም? የቀረኝ አራት ሳምንት ነው።

ካባሶ


ሉዋንሻ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1987

ለነብሩ፤

እኔና አንተ ስንሳደብ ኖረን አሁን ቁም ነገር የምነግርህ አፍ አጣሁ። ከእንግዲህ ከቃል ይልቅ ዕቃ ብልክልህ ይሻላል ብዬ ሸክላውን በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ይደርስሃል። ሽፋኑ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። አሁንም የምትስቅ ከሆነ ቀኑን እይ።

ሌላም ነገር አደረግሁ። ሙፉሊራ ሄድሁ። አንድ ሸክላ በቺቴንጌ ሽርጤ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርሁና እናትህ በር ላይ እንደ ደንባችን ተንበርክኬ ለሰላምታ አጨበጨብሁ።

"ማነው?"

"ሎምቤ ነኝ እማማ።"

"ፍየሏ! ጎመኔን ልትበዪ መጣሽ?"

"ጎመን አይደለም እማማ። የበላሁት ሌላ ነው። የንጎሳን ሸክላዎች የወሰድሁት እኔ ነኝ። ካባሶ አልሸጣቸውም።"

እንዳንተው ሳቀች። ግድግዳ ይዛ ሳቀች። "ወይ የፍየል ልጅ! ይህን ቀልድ ለመናገር ነው የአውቶቡስ የከፈልሽው?" አለችኝ። ቺቴንጌውን ፈታሁ። እንደምታውቀው እማማ ማንበብ አትችልም፤ ግን ንጎሳ ሁሉም ሸክላ ላይ ትንሽ የነብር እግር ይሥል አልነበር? እሷን በጣቷ ዳሰሰቻት። ሳቋ ቆመ።

ሸክላውን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ "አሥራ አራት ዓመት ልጄን በሰው ፊት ሌባ ሳደርግ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ንሺማ ገንፎዬን ትበዪ ነበር" አለች።

"እበላ ነበር እማማ።"

"ትጨምሪም ነበር።"

"አዎ፣ እጨምርም ነበር።"

ብድግ አለችና በአጥሩ በኩል ጮኸች፦ "የሳምፓ እናት! ኑ ውጡ! ሌባው ልጄ አይደለም! ሌባዋ ይህቺውና! መነጽር አድርጋለች፣ ኑና እይዋት!" መጡ። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። እያንዳንዱን በስም ጠርታ አስተዋወቀችኝ፦ "ይህቺ ሌባዬ ናት፤ ሌባዬ፣ ይህ ጎረቤቴ ነው።" አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ጨበጥሁ። የሚሳቅበት አልነበረም፤ ግን የሳቁ ነበሩ።

ቅጣቴ አንድ ዶሮ ሆነ። ከሳምፓ እናት ገዝቼ አመጣሁ፣ ሠራሁ፣ በላን። እጃችንን ከታጠብን በኋላ እማማ ተከዘች። "ምነው እማማ?" አልኋት።

"ከእንግዲህ ለእንግዳ ምን ላወራ ነው?" አለች።

ሎምቤ


በርሚንግሃም፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1987

ለሎምቤ፤

ደብዳቤሽና ሸክላው የደረሱኝ ሰኞ ነው፤ ወደ ሥራ ስወጣ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሜ ከፈትሁት። የማርቹን ወረቀት አነበብሁ። "መፈልፈሌንም አላቋረጥሁም" የሚለው ጋ ስደርስ ተሳፋሪዎች መስኮት እየደበደቡ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ዘግይቼ ተነሣሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድሁ። ሰኞና ማክሰኞ ሙሉ ተናደድሁ። ለአሥራ አራት ዓመት ዝምታ ሁለት ቀን ቁጣ ብዙ አይደለም። በተለይ እናቴ በዱቄት ሰልፍ ላይ ስታወራ ዝም ማለትሽ። ረቡዕ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ቁጣዬ እግሩ ተሰበረ። እሱን በኋላ እነግርሻለሁ፤ አስቀድሞ ሐሙስን።

ሁለቱን ስባሪ በጨርቅ ጠቅልዬ ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ፒልቢም ማጉያ መነጽር ከኪሱ አወጣ። ዜድ። የሜዳ አህያ። ጃንጥላ። ዓመቱ 1968።

"ይህ እኮ ተሰብሯል!" አለ የፖስተኞቹ አለቃ። "አይጫወትም!"

"ሸክላው ተሰብሯል" አለ ፒልቢም፤ "ርዕሱ አልተሰበረም።"

አሸነፍን። ፖስተኞቹ ራሳቸው ቢራ ገዙልን። አለቃቸው ዘፈኑን አለማወቁ እንቅልፍ ስለነሣው "እስኪ አንጎራጉርልኝ" ብሎ ለመነኝ፤ አንጎራጎርሁለት። መጥፎ ዘፈን ነው ሎምቤ። በጣም መጥፎ ነው። መዝገቡ የዘለለው በምክንያት ነው። ሣጥኑ ደግሞ በቤቴ ደረጃ አልወጣ አለ፤ አራት ሰው ሞክረን ዴዝሞንድ መሐል ተጣብቆ ቀረ። እና ሣጥኑ እዚያው መጠጥ ቤቱ ጥግ ቆሟል፤ ስሜን ለጥፈውበታል።

አሁን የረቡዑን። ያን ዜድ የሰበርሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ወንበሮቹን ጭነው ስለጨረሱ መቀመጫ ጠፍቶ በረንዳው ላይ ካሉት ከረጢቶች አንዱ ላይ ተቀመጥሁ። ከሥሬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳሰስሁት፤ ከለውዙ ሥር ጠፍጣፋና ክብ ነገር አለ። "በቃ፣ ሎምቤ ሳህኖቿን ደብቃለች፣ እኔም ሰበርኋቸው" አልሁ። ተነሥቼ ብሄድ ሌላ ሰው ከረጢቱን ያነሣዋል፣ ሳህኖቹ ይያዛሉ፤ አንቺም ማን እንደሰበረ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሣሁም። ለምሳ ጠሩኝ፣ ሐዘን ይዞኛል አልሁ። የመኪናው ሾፌር "ያንንስ?" ሲላቸው "ተወው፣ የሟች ወንድም እያለቀሰበት ነው" አሉት። ለቅሶዬ እውነተኛ ነበር፤ ግማሹ ለንጎሳ፣ ግማሹ ለሳህኖቹ። ስምንት ዓመት መጻፍ ያቆምሁትም፣ ከዚያ በፊትም አጭር አጭር ደብዳቤ ብቻ እጽፍ የነበረው፣ በዚህ ፍርሃት ነው። "የሰበርህብኝን ሳህን ላክ" ትያለሽ ብዬ።

እንግዲህ እኔ የተሰረቀውን የራሴን ዕቃ ከባለ መኪናው ስጠብቅልሽ ዋልሁ ማለት ነው። ይህን ለዴዝሞንድ አልነገርሁትም። ሻይ ሊጠጣ ነበር።

ሸክላዎቹ በደንባችን የእኔ ናቸው። የእኔ ከሆኑ ደግሞ የሚቀመጡበትን የምወስነው እኔ ነኝ፦ አንቺ ዘንድ። በዲሴምበር እረፍት አለኝ። እመጣለሁ፤ ትንሽ ማጫወቻም እይዛለሁ። ዜማው የጠፋብሽን ከኤ ጀምረን እንሰማለን። ኦ እና ኪው ላይ አንቺ ትመርጫለሽ።

ካባሶ


ሉዋንሻ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1987

ለአልቃሻው ነብር፤

በደህና ግባ። መንገድህ ይቅና፤ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ጉምሩክ ማጫወቻህን እንጂ አንተን አይፈትሽ፣ ሽታህ ይበቃቸዋል።

ደብዳቤህን ለእማማ ንካንዱ አነበብሁላት። ሳህኑ ጋ ስንደርስ "ደግመሽ አንብቢው" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አሁን ለእንግዳ የምታወራው አግኝታለች፦ "ነብሩ ልጄ ፍየሏ የሰረቀችውን ቀኑን ሙሉ ታቅፎ ዋለ፣ ምሳም አልበላ።" ታቅፎ አይደለም፣ ተቀምጦበት ነው ብላት "ዝም በይ፣ ሌባዬ" አለችኝ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንዲሁ ጠርታኛለች። እሰማታለሁ፤ አሁን ሲሰማ አይከብድም።

ያን ከረጢት ያቆምሁበት ቀን ማታ፣ ሰዉ ሲሄድ፣ ለውዙ መሐል ላይ ተረግጦ ጉድጓድ ሠርቶ አይቼ ነበር። ማን እንደተቀመጠበት ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ማለት ስለ ከረጢቱ ማውራት ነው።

ሸክላዎቹን ከአልጋ ሥር አወጣኋቸው። እንጨት ቤት ሄጄ መደርደሪያ አሠራሁ፤ ንጎሳ እንደሚደረድራቸው በፊደል ደርድሬያቸዋለሁ፣ ከኤ እስከ ዋይ። የዜድ ቦታ ባዶ ነው። ስባሪውን ይዘኸው ና፤ አይጫወትም፣ ግን ይነበባል።

እንጨት ሠሪው ጣውላ ተርፎት ነበር፤ በእሱ ወንበር አሠራሁ። ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለነብር ይበቃል። መደርደሪያው አጠገብ አድርጌዋለሁ። ስትመጣ፣ እባክህ፣ እሱ ላይ ተቀመጥ።

ሎምቤ